ጠይቁ መካኒኩን፦ ሴይቼንቶ የት ገባች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ድሮ ናዝሬት ሳለ ፊያት 600፣ ሴይቼንቶ የሚሏት መኪና ነበረችው። ቮልስ ዛሬም መንገድ ላይ አያለሁ፤ ሴይቼንቶ ግን ጠፋች። ሁለቱም ርካሽ የድሮ መኪና አይደሉም ወይ? ሰሞኑን አንድ ግቢ ውስጥ የቆመች አግኝቻለሁ። ልግዛት?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኛ አገር መኪና አረጀ ተብሎ አይጣልም። ቀረጡ መች ያስጥላል! በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከወጣ ወዲህማ ባሰበት። ሴይቼንቶን የጨረሳት አሠራሯ ነው።

የሁለቱም ሞተር ከኋላ ነው። ቮልስ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ራዲያተር የለውም። ሴይቼንቶ ግን ውሃ ትፈልጋለች። ራዲያተሯም ነፋስ በሚያገኝበት ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ተወሽቋል። እ.ኤ.አ. በ1955 ስትወጣ ሞተሯ 633 ሲሲ ብቻ ነበር። ይህቺን ቤተሰብ ጭነህ በአዳማ ሐሩር ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ስትነዳት አስበው። ውሃ ጎድሎ ከሞቀች የአሉሚኒየም ቴስታታዋ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ይጣመማል። ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል፣ ደግሞ ይላጋል፣ ከዚያ ሌላ ይፈለጋል።

ከየት? ከሌላ ሴይቼንቶ ነዋ! ጣሊያን ማምረቱን በ1969 እ.ኤ.አ. አቆመች። ቮልስ ግን ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ይመረት ስለነበር መለዋወጫው አልነጠፈም። ሴይቼንቶዎቹ እርስ በርስ ተበላሉ፤ አንዷን ለማዳን ሌላዋ ትፈታለች፣ የተረፈውን ላሜራ ቁራሌው ይወስደዋል።

ለእኔ ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የቮልስ ቦዲ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነው። ወለሉ ቢዝግ ቦዲውን አንስተህ ትበይዳለህ። ሴይቼንቶ ለብቻው ሻንሲ የላትም፤ የሚሸከማት ራሱ ላሜራው ነው። የበሩ ሥር ከዛገ እንደተሰነጠቀ እንቁላል ቁጠራት። ጎበዝ ባቲላሜራ ይጠግናታል፤ የእጁ ዋጋ ግን ከመኪናዋ ይበልጣል። ርካሽ ናት ብሎ የገዛ ሰው ደግሞ ይህን ያህል አያወጣባትም። ለመርሴዲስ ቢሆን ሳያቅማማ ያወጣ ነበር፤ እኔን እንደሆነ ይቆጨኛል።

የግዢውን ነገር ደግሞ፣ ቀለሟ አያታልህ። ካቻቢቴ ያዝ። ምንጣፉን ገልጠህ ወለሉንና የበሩን ሥር ውጋ። ከገባ ተዋት። ካልገባ የሞተር ዘይቱን ክዳን ክፈት፤ ነጣ ያለ አረፋ ካየህ ውሃ ከዘይቱ ተቀላቅሏል ማለት ነው፣ ዋጋ አስቀንስ። ሊብሬውም በሻጩ ስም መሆኑን እይ። ይህን ሁሉ ካለፈች ግዛት። ለመለዋወጫ የምትሆን ሁለተኛ ግን ከአሁኑ ማፈላለግ ጀምር።