ግብር ሰብሳቢው እንዴት አስተዳዳሪ ሆነ? የሕንዱ ኮሌክተር

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ በአንድ ወረዳ የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። በሕንድ የእኛን ዞን የሚያህል አካባቢ የሚመራው ተመራጭ ሳይሆን በፈተና ያለፈ ቋሚ ሠራተኛ ነው ይባላል። እውነት ነው? ወጉስ ከየት መጣ? (ከደሴ)

መልስ፦ እውነት ነው። «ኮሌክተር» ይሉታል፤ በአንዳንድ ግዛት ደግሞ «ዲስትሪክት ማጅስትሬት»። ኮሌክተር ማለት ሰብሳቢ ነው፤ የሚሰበስበውም የመሬት ግብር ነበር። ሹመቱን በ1772 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ቤንጋል ላይ የጀመረው የዚያው አካባቢ ገዢ የነበረው እንግሊዛዊው ዋረን ሄስቲንግስ ነው። ያኔ ገዢው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚባል የንግድ ድርጅት ስለነበር ሹም የሚያስቀምጠው ገንዘብ ካለበት ነው። ዳኝነቱና ጸጥታው ኋላ ላይ ተደረበ።

ከሰንሰለቱ ግርጌ ያለው «ፓትዋሪ» ነው፤ ጭቃ ሹምን ከመሬት አስተዳደር ባለሙያ ጋር ያዳቅሉና ያስቡት። የመንደሩ ካርታ፣ የማሳዎቹ ቁጥር የሰፈረበት «ኻስራ» እና የባለይዞታዎች መዝገብ «ኻታውኒ» እሱ ዘንድ ናቸው። በየወቅቱ ማሳውን ዞሮ ምን እንደተዘራ ይጽፋል። ከላዩ ቃኑንጎ (የፓትዋሪዎች ተቆጣጣሪ)፣ ተህሲልዳር (የ«ተህሲል»፣ የበርካታ መንደሮች ግብር ሹም)፣ የንዑስ ዲስትሪክት ሹም፣ ከዚያ ኮሌክተሩ። ታች የተሳሳተ ቁጥር እስከ ላይ እንደተሳሳተ ይወጣል። የተለመደው ጣጣ ግን ሌላ ነው፦ መሬት የገዛ ሰው ውሉን በምዝገባ ቢሮ ካስመዘገበ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። የግብር መዝገቡ ለብቻው ካልተዛወረ ስሙ የሻጩ ሆኖ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ የሻጩ ልጆች ያንኑ መዝገብ ይዘው ይከሳሉ። እኛ ጋ የገጠር መሬት ስለማይሸጥ ይህኛው የለብንም። የአባታቸውን የይዞታ ደብተር ወደ ራሳቸው ሳያዛውሩ የተቀመጡ ወራሾች ግን ጉዳዩ አይጠፋቸውም።

በ1947 ነፃነት ሲመጣ ብዙ ታጋዮች ኮሌክተሮቹ የሚወጡበትን የሲቪል አገልግሎት የቅኝ ገዢ ዱላ አድርገው ነበር የሚያዩት። ይቆይ ብለው የተሟገቱት የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሰርዳር ፓቴል ናቸው፤ አዲሲቱን አገር አንድ አድርጎ የሚይዝ ሌላ ማሰሪያ አልታያቸውም። ስሙ «የሕንድ አስተዳደር አገልግሎት» ተብሎ ተቀየረና ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 312 ላይ ገባ።

ጥያቄ፦ ፈተናውስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ መጀመሪያ፣ በ1855፣ የሚሰጠው ለንደን ብቻ ነበር። ከሕንዶች ቀድሞ ያለፈው ሳትየንድራናት ታጎር በ1863 ነው። ሕንድ ውስጥ መፈተን የተቻለው ገና በ1922 ነበር፤ መርከብ መሳፈሪያ የሌለው አስቀድሞ ወድቋል ማለት ነው።

ዛሬ ማጣሪያው ሁለት ወረቀት ነው፣ እያንዳንዱ ከ200። ስህተት የመለሱት የጥያቄውን ነጥብ ሲሶ ያስቀንሳል። ሁለተኛው ወረቀት 33 በመቶ ብቻ ይጠይቃል፤ ብዙዎች ንቀው የሚወድቁትም በዚሁ ነው፣ ያን ካላለፉ የመጀመሪያው ወረቀት ውጤት አያድናቸውም። ዋናው ፈተና 9 ወረቀት ነው፦ ሁለቱ የቋንቋ ማለፊያ ብቻ፣ ሰባቱ 250 እየተያዘላቸው 1,750 ይሆናሉ። ቃለ መጠይቁ 275፣ ድምሩ 2,025። ልዩ ድጋፍ የሌለው አመልካች ዕድሜው ከ21 እስከ 32 መሆን አለበት፤ ሙከራውም 6 ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ተጣርቶ የገባ ሰው ፖለቲከኛን ለምን ይፈራል? (ከወልድያ)

መልስ፦ ስለ መባረር ከሆነ አይፈራም። አንቀጽ 311 ከሾመው አካል በታች ያለ ባለሥልጣን እንዳያሰናብተው ይከለክላል፤ ክሱ ሳይነገረውና መልሱ ሳይሰማም አይሰናበትም። የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ስለሆነ የግዛቱ መንግሥት ሊያባርረው አይችልም። ሊያዛውረው ግን ይችላል። ግብርና መሬት የያዘውን ኮሌክተር ነገ ጠዋት ባለጉዳይ ዝር ወደማይልበት መምሪያ መላክ ይቻላል፤ ደመወዙ አይነካም፣ ማዕረጉም አይወርድም፣ ስለዚህ ቅጣት ተብሎ አይቆጠርም። ልጆቹ ግን በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ጣልቃ ገብቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የወጣው ደንብ መኮንኑ በአንድ ቦታ ቢያንስ 2 ዓመት ይቆይ፣ ቀድሞ የሚነሳ ከሆነም ቦርድ ይየው ይላል። የቦርዱን ሐሳብ ግን ሿሚው ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ ሊጥለው ይችላል፤ «ለአስተዳደር ሥራ አመቺነት ሲባል» የምትለዋ መስመርም እኮ ጽሑፍ ናት።