ባሕረኛውን ሰልፍ ላይ አታቁሚያቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚሁ ጎንደር የታሪክ ክበብ ተሰጥቶሻል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎችን ይዘሻል። ስለ ባሕር ኃይላችንና ስለ ጦርነት ታሪካችን ከየት እንደምትጀምሪ ጠይቀሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሰፈራችን የቀድሞ ባሕር ኃይል የነበሩ ሽማግሌ አሉ፤ ሰኞ ሰልፍ ላይ እንዲናገሩ ልጋብዛቸው ነው» ብለሻል። እሱን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔ ያንኑ አድርጌያለሁ፤ ብዙ ዋጋም አስከፍሎኛል። እባክሽ ይህን ሳታነቢ አትጋብዣቸው።

በቁጥር ልጻፍልሽ።

1. ከመርከብ ዝርዝር አትጀምሪ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሰሌዳውን በስምና በዓመተ ምሕረት ሞላሁት። ልጆቹ ገለበጡ፣ ፈተናውን ሠሩ፣ ረሱት። አንድ ቀን «ባሕር ያየ አለ?» ስል ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ። ጣናን ማለታቸው ነው። አልተሳሳቱም፤ የኛ ሰው ጣናን ባሕር ሲል ነው የኖረው። ስለዚህ ከጣና ጀምሪ። ጎርጎራ ዘመድ ያለው ልጅ አይጠፋም። የደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር፣ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ምን እንደሚደረግ እሱ ይንገራቸው። ከዚያ «በዚህ ታንኳ ከምጽዋ የመን መሻገር ይቻላል?» በያቸው። ክርክሩ ራሱ ጥንታዊው የአክሱም ወደብ አዱሊስ ያደርስሻል። ዐፄ ካሌብ በ525 እ.ኤ.አ. ገደማ ጦራቸውን በመርከብ ቀይ ባሕርን አሻግረው ዛሬ የመን በምንለው አገር ወደነበረው የሒምያር መንግሥት እንደገቡ ያኔ ብትነግሪያቸው ቶሎ አይረሱትም።

2. መርከቧን ሜዳ ላይ ለኪያት። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ስሟ «ኢትዮጵያ» ነበር። አሜሪካኖች ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሯት ናት፤ ለኛ የተሰጠችን በ1954 ዓ.ም. ነው። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው፤ ወርዷ ከ12 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከቅዳሜ ገበያ ገመድ ገዝቼ ልጆቹን በዙሪያው አቆምኳቸው። ሜዳችን አልበቃም። አፍንጫዋ ላይ የቆመው ልጅ ከበሩ ውጭ አስፋልት ዳር ደረሰ። ዘበኛችን ሊቆጡ መጥተው፣ ነገሩ ሲገባቸው ገመዱን ራሳቸው ያዙለት። «ይህን የሚያህል ብረት ውኃ ላይ?» ያለው ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ከክበቡ አልቀረም።

3. ጦርነቱን ከጎንደር ድንጋይ አንሺው። ፒያሳ ፖስታ ቤቱ ፊት አቁሚያቸው። ጣሊያን የሠራው ነው፤ በየቀኑ ያልፉታል። «ይህን የሠራው ጦር በየት በኩል መጣ?» በያቸው። በባሕር ነው። ጣሊያን ምጽዋን በ1877 ያዘ። በ1879 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ መቱት። በ1888 ዐድዋ ላይ ተሸነፈ። በ1928 በዚያው በር ተመልሶ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስም ጋፋት ላይ መድፍ አሠሩ፤ እንግሊዝ ግን በ1860 ከምጽዋ በስተደቡብ ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ መቅደላ ድረስ ዘለቀ። ዐፄ ፋሲል እንኳ እዚህ ግንብ ውስጥ ተቀምጠው ስለዚያ በር ያስቡ ነበር። ከአገር ያስወጧቸው የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑ፣ ተመልሰው እንዳይገቡ ከምጽዋው የቱርክ ሹም ጋር የተዋዋሉት ለዚህ ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን መጻፍ ነው። ምጽዋ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 30 ቀን 1933 ነው። የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። በመካከሉ ከሰባት ወር በላይ አለ። «ወደቡ ተዘግቶ እዚህ የቀረው ጦር ዱቄቱንና ጥይቱን ከየት ያመጣ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ ልጅ «በሩ የተቆለፈበት ሌባ ሆነ ማለት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አርበኞቻችንና የእንግሊዝ ጦር ወደ ጎንደር በሚያስገባው መተላለፊያ፣ ቁልቋል በር ላይ ያደረጉትን ውጊያ ስነግራቸው ካርታው ራሱ ተናገረ።

4. ደብዳቤውን ቀድመሽ ጨርሺ። ቁልቋል በር ልወስዳቸው የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም። መጀመሪያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በማግሥቱም እንደዚያው። በአምስተኛው ቀን ኃላፊውን አገኘኋቸው። የክበቡን ዕቅድ ገለጥ አድርገው አዩና «ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ባሕር ኃይል ተምሮ ምን ሊሠራበት ነው?» አሉኝ። አንጀቴ አረረ። አሥራ ሰባት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ተብዬ አላውቅም። «ልጆቹ ኮ ራሳቸው ጠይቀውኝ ነው» አልኩ። ወደ ስልካቸው ተመለሱ። ደብዳቤው ማኅተም አርፎበት ሲወጣ የጉዞው ቀን አልፎ፣ ለቅጥቅጡ የከፈልነው 3,000 ብር ቀብድ ቀልጦ ነበር። የወላጆች ገንዘብ ነው። ከደመወዜ መለስኩት። አንቺ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ደብዳቤው እጅሽ ይግባ፤ ቅጂውንም ያዢ።

5. እንግዳ ስትጋብዢ… እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወውና የሆነውን ልንገርሽ።

ጉዞው ሲቀር ልጆቹ አዘኑ። ለማካካስ ብዬ ሰፈራችን ያሉትን ጋሼን ጋበዝኳቸው። ሰዉ ሁሉ «ባሕረኛው» ነው የሚላቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ሠልጥነው፣ ዕድሜያቸውን ሞተር ክፍል ውስጥ የፈጁ ሰው ናቸው። ቀድሜ ቁጭ ብዬ አላናገርኳቸውም። በር ላይ ቆሜ «ሰኞ ጠዋት ትንሽ ቢነግሩልን» አልኩ፤ እሺ አሉ። በቃ።

ሰኞ ዕለት የተተኮሰ ኮት ለብሰው፣ አሮጌ ነጭ ቆባቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ስድስት መቶ ተማሪ ተሰልፏል። የሚኒ ሚዲያው ማይክ ይጮኻል። ጋሼ ስለ ምጽዋ ሙቀት፣ ንጉሡ በየዓመቱ ለባሕር ኃይል በዓል ሲመጡ የውጭ መርከቦች ወደቡን እንዴት ይሞሉት እንደነበር ማውራት ጀመሩ። ልጆቹ ጸጥ ብለው ሰሙ። ከዚያ ጥያቄ ተፈቀደ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ማይኩን ተቀበለና «አባባ፣ መርከቦቹን ይዛችሁ ለምን ሸሻችሁ?» አላቸው።

ጋሼ አልመለሱም። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ቆባቸውን አነሱ። በስድስት መቶ ልጅ ፊት ሜዳውን አቋርጠው በበሩ ወጡ።

ርእሰ መምህሩ ልጁን ሊቀጣው ፈለገ። ከለከልኩ። ልጁ ምንም አላጠፋም። «ሸሹ» የሚለውን ቃል ያገኘው ከእኔ ነው። ባደልኩት ማስታወሻ ላይ «በግንቦት 1983 የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመን ሸሹ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ነው። የሚያነበው ሰው መካከል በዚያ መርከብ ላይ የነበረ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ይቅርታ ልጠይቅ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱን ጊዜ ባለቤታቸው «ተኝተዋል» አሉኝ። በሦስተኛው የዕድር ጓደኛቸው የሆኑትን ዘበኛችንን ይዤ፣ ቡናና ስኳር አንጠልጥዬ ገባሁ። ማስታወሻዬን አውጥቼ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ አይደለም» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «የካቲት 82 ምጽዋ ከእጃችን ወጣች። ከዚያ በኋላ የምንቆምበት ወደብ እየጠበበ መጣ። መርከብ ለያዘ ሰው መርከቡን ማትረፍ ሥራው ነው። መርከባችንን ያተረፍናት መስሎን ነበር። የመን ቆማ ዛገች፤ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እኔም ዞሬ አገሬ ገባሁ። ጥቂት ቆይቶ ባሕር ኃይል የሚባለው ራሱ ፈረሰ። ልጄ፣ እስከዛሬ ማንም ቁጭ ብሎ አልጠየቀኝም።»

ቡናው ሦስተኛ እስኪወርድ ሰማኋቸው። ሞተር ክፍል ውስጥ የልብ ጓደኛቸው የነበረው የምጽዋ ተወላጅ ነው። ስለ እሱ ሲያወሩ ነው እንባቸው የመጣው። እኔ በክፍል «እኛ» እና «እነሱ» እያልኩ ሳስተምር የነበረውን ታሪክ እኚህ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው በልተው አብረው ተኝተው ኖረውታል። ከዚያ ወዲህ ልጆች «ባሕሩን መልሰን እንወስዳለን?» ሲሉኝ መጀመሪያ የጋሼን ጓደኛ ነው የምነግራቸው።

ከወር በኋላ አምስት ልጆች ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ያንን ልጅም ጨምሬ። ጥያቄዎቹን ቀድመን በጽሑፍ ሰጥተናቸው ነበር፤ የማይፈልጉትን ሁለቱን በእርሳስ ሰረዙ። ልጁ ከጥያቄው በፊት ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ጋሼ አጠገባቸው አስቀመጡት። ከአልጋ ሥር ሣጥን አውጥተው የመልሕቅ ምልክት ያለበትን ቁልፍ አሳዩአቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የባሕረኛ ቋጠሮ አስተማሯቸው። አንዷ ልጅ ያሉትን ሁሉ በደብተሯ ጻፈች፤ አሁን የክበባችን ምርጥ ሰነድ እሱ ነው። ቢሮ ያገኘኋቸው ኃላፊ ያንን ደብተር ቢያዩት እመኛለሁ።

ስለዚህ አንቺ መጀመሪያ ብቻሽን ሂጂ። ቡና ይዘሽ። ስለ ምን ማውራት እንደማይፈልጉ ቀድመሽ ጠይቂ። ሰልፉን ተዪው፤ አምስት ስድስት ልጅ ይበቃል። የምታድያትን ወረቀት ቀድመው እሳቸው ያንብቧት። ለልጆቹም እንዲሁ ተጠንቀቂ። ያለፉት ዓመታት ጦርነት ብዙ ቤት ገብቷል፤ ከክፍልሽ ውስጥ አባቱን ወይም ወንድሙን የሚጠብቅ ልጅ ይኖራል። የቤቱን እንዲያወራ ማንንም አታስገድጂ። ዝም ያለውን በዝምታው ተዪው።

ገመዱን አትግዢ፤ የኛን እልክልሻለሁ። ጋሼ ልክ 95ኛው ሜትር ላይ የራሳቸውን ቋጠሮ አስረውበታል። ሜዳችሁ ካልበቃ በሩን አስከፍቺ። ስትመልሺው ብቻ ቋጠሮውን እንዳይፈቱት ለልጆቹ አደራ በያቸው።