ከመሣሪያው በፊት ማሽላውን እወቁት

በደሴና በኮምቦልቻ ፊዚክስና ኤሌክትሮኒክስ ለምትማሩ ልጆቼ፣

የማሽላን እርጥበት የሚለካ፣ በእጅ የሚያዝ የፈሳሽ ክሪስታል ስፔክትሮሜትር (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ለመሥራት መነሣታችሁን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ዕቅዳችሁ ስለ መሣሪያው ብዙ ይላል፤ ስለሚለካው እህል ግን አንድ መስመር እንኳ የለውም።

የባቲ ነጋዴ ማሽላው መድረቁን የሚያውቀው ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ነው። እናንተ የምትተኩት ያንን ጥርስ ነው። ውሃ ዓይን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን በ970፣ በ1450 እና በ1940 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ይውጣል። የ970ውን ርካሹ የሲሊከን ሴንሰር ያየዋል፤ ምልክቱ ግን ደካማ ነው። የ1450ው ጎላ ያለ ነው፤ ሲሊከን ግን ከ1100 ናኖሜትር ወዲያ ስለማያይ ውዱን የኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ ሴንሰር ትገዛላችሁ። ገንዘባችሁን የሚበላው ይህ ምርጫ ነው፤ አስቀድማችሁ ጨርሱት።

በሁለት ፖላራይዘሮች (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) መካከል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ከሌላው ያዘገያል። መዘግየቱን በቮልቴጅ እየለዋወጣችሁ ስትመዘግቡ ኮምፒውተሩ ስፔክትረሙን፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ ያለውን የብርሃን መጠን፣ ያወጣዋል። የሚንቀሳቀስ መስታወት ስለሌለው መሣሪያው ትንሽ ይሆናል። የማዘግየት ኃይሉ (በሁለቱ ብርሃኖች የስብረት መጠን መካከል ያለው ልዩነት) 0.2 የሆነ ክሪስታል በ50 ማይክሮሜትር ውፍረት ቢበዛ 10 ማይክሮሜትር ያዘገያል፤ በ1450 ናኖሜትር ላይ መለየት የሚችለው በ200 ናኖሜትር ገደማ የሚራራቁ የሞገድ ርዝመቶችን ነው። ውፍረቱን እጥፍ ስታደርጉ ወደ 100 ይወርዳል፤ ቮልቴጁ ሲነሣ ክሪስታሉ ወደ ቦታው የሚመለስበት ጊዜ ግን አራት እጥፍ ይረዝማል። የእህል ውሃ ምልክት ሰፊ ነውና እጅግ ጥቃቅን ልዩነት ለማየት ብላችሁ ፍጥነቱን አትሽጡ።

ቮልቴጁ ተለዋዋጭ ይሁን፤ ቀጥተኛ ከሆነ አዮኖች ተጠራቅመው ክሪስታሉን ያበላሹታል።

ከሁሉ የማሳስባችሁ ሙቀቱን ነው። ሙቀት ሲጨምር የክሪስታሉ የማዘግየት ኃይል ይቀንሳል። ደሴ ብርድ ላይ ያስተካከላችሁት መሣሪያ ባቲ ሲወርድ ያንኑ እህል ሌላ ያደርገዋል፤ ነጋዴውም በሁለተኛው ገበያ አያምናችሁም። ቴርሚስተር (ትንሽ የሙቀት መለኪያ) ከክሪስታሉ ጎን ለጥፉ፤ በየሙቀቱም ለየብቻ አስተካክሉ። ይህን «በኋላ በሶፍትዌር እናርመዋለን» የሚል ካለ ወደ ገበያው ይዛችሁት ውረዱ!

ለማመሳከሪያ እህሉን መዝናችሁ በምድጃ አድርቁና ዳግመኛ መዝኑ። ከጉድጓድ የወጣውንም ከአውድማ የመጣውንም፣ ቀዩንም ነጩንም ሰብስቡ፤ ንባቡ ከፍሬው መጠንና ቀለም ጋር ከተለዋወጠ ጥፋቱን ክሪስታሉ ላይ ከመጣላችሁ በፊት ፍሬውን ፈጭታችሁ እንደገና ለኩ።