በፈረስ የሚሰጠው ቴራፒ ልጄን ይረዳው ይሆን ላልሽው

እህቴ፣ የ15 ዓመት ልጅሽ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ከማንም ጋር አላወራ እንዳለ ጽፈሻል። በፈረስ የሚሰጠውን ቴራፒ ሞክሩ ተብላችሁ፣ ገንዘብ ማባከን እንዳይሆን ፈርተሻል። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

የኔም ልጅ በዚያ ዕድሜው እንዲሁ ነበር። ቴራፒስት ፊት ተቀምጦ ሰዓቱን ሙሉ ጫማውን ሲያይ ይጨርሳል። ፈረስ ሲባል ግልቢያ መስሎኝ ነበር። እኛ የሄድንበት ግን ግልቢያ የለውም፣ ሁሉም ነገር መሬት ላይ ቆሞ ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ እኔም ግቢ ተባልኩ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ፈረሷን መሬት ላይ የተጋደመ እንጨት ማሻገር ነው። ገመዱን ይዤ ሳብኩ። ግግም ብላ ቆመች። አጥብቄ ስስብ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጠፈች። 500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እንስሳ በጉልበት አይሄድም። መዳፌ በገመዱ ቀላ። ቴራፒስቷ «ይሄ ነገር ሌላ ቦታ ያጋጥማችኋል?» አለች። ልጄ ቀና ሳይል «ቤትም እንደዚሁ ናት» አለ።

ክው አልኩ። ተናደድኩም፣ አልዋሽሽም። ግን ስለ እኛ አፍ አውጥቶ ሲናገር በስንት ወሩ ነው! ገመዱን ተቀበለኝና አላላው። ጎኗ ቆሞ ዝም ብሎ ጠበቀ። ቆይታ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከንፈሯን ላሰች። አንድ እርምጃ ሲራመድ ተከተለችው።

ፈረስ አውሬዎች አድነው የሚበሉት እንስሳ ስለሆነ የሰው ትከሻ ሲወጠር፣ ትንፋሽ ሲያጥር ቶሎ ይገባዋል። ተናደሽ ፈገግ ብትዪ አይታለልም። ደግሞም አይመክርም፣ አይቆጣም። ልጄን የፈታው ይሄ ይመስለኛል።

ስለዚህ ልጁን ብቻ አትላኪው፣ እናንተም ግቡ። ከመክፈልሽ በፊት እነማን እንደሚሠሩ ጠይቂ። ፈረስ ማወቅ ብቻውን ቴራፒስት አያደርግም። በ1999 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኢጋላ የሚባለው የፈረስ ቴራፒ ማኅበር አሠራር ላይ የአእምሮ ጤና ባለሙያና የፈረስ ባለሙያ አብረው ይገባሉ። እንደዚያ ካልሆነ እኔ ብሆን አልሄድም። በጥናት በኩል ገና ብዙ ይቀረዋል፤ የጀመረው ሕክምና ካለ እንዳታስቆሚው። ራሴን እጎዳለሁ የሚል ነገር ከወጣው ደግሞ ፈረሱ ይቆይ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው።

የመጀመሪያ ቀን አልገባም ካለ አትጎትቺው። የኔው ያን ቀን ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የዋለው።