የደመወዝ ግብር፣ የሚዘል ስፌትና ኤአይ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

አብዛኞቹ ጥያቄዎች «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያለው) ካልተማርኩ ሥራ ላይ እበለጣለሁ ወይ?» የሚሉ ናቸው። ሥራቸውን ከነዝርዝሩ ለነገሩን ቅድሚያ ሰጥተናል፤ መልሱም ያለው እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የ60 ሰው ደመወዝ በቻትጂፒቲ ባሠራ ግብሩ ከዋናው ሒሳብ ሹም ስሌት ጋር አልገጥም አለ። የተሳሳተው የቱ ነው?

መልስ፦ የሒሳብ ሹሙን ይመኑ፤ ቻትጂፒቲ የተጠቀመው የድሮውን የግብር ሰንጠረዥ ሳይሆን አይቀርም። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከመሻሻሉ በፊት ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ነው፤ አሁን 2,000 ሆኗል። ኤአይ የሚማረው ለዓመታት ከተከማቸ ጽሑፍ ነው፤ በብዛት ተጽፎ የሚያገኘውም የድሮውን ነው። የ12,000 ብር ደመወዝ ግብር በድሮው 2,700፣ በአዲሱ 2,250 ብር ይመጣል።

ስለዚህ ሰንጠረዡን ራስዎ ይስጡት፦ እስከ 2,000 ግብር የለም፣ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከዚያ በላይ 35። ሙሉ ደመወዙ በእርከኑ መቶኛ ተባዝቶ ከሚመጣው ላይ የሚቀነሰው፣ ከ15 በመቶው ጀምሮ በቅደም ተከተል፣ 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ነው። ከዚያ «አስላልኝ» አይበሉት፤ «የኤክሴል ቀመር ጻፍልኝ» ይበሉት። የ60 ሰው ደመወዝ በጽሑፍ ሲያሰላ መሐል ላይ አንዱን ረድፍ ሊዘል ወይም ሊያዛባ ይችላል፤ ቀመር ግን አንዴ ከተስተካከለ እስከ መጨረሻው ረድፍ ያው ነው።

ቀመሩን ለመፈተን 2,000፣ 4,000፣ 7,000፣ 10,000 እና 14,000 ያስገቡ። 0፣ 300፣ 900፣ 1,650 እና 2,850 ካልመጣ አይጠቀሙበት። ጡረታውንም ይዩት፤ በሌላ አገር ልማድ መጀመሪያ ጡረታ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ሊያሰላ ይችላል። እኛ ዘንድ ግብሩ የሚሰላው ጡረታ ሳይቀነስ ነው። የ12,000 ብር ደመወዝተኛ፣ መሠረታዊ ደመወዙ ብቻ ከሆነ፣ 7 በመቶው ጡረታ 840 ብር ሲቀነስ 8,910 ብር ይደርሰዋል።

ጥያቄ፦ ደሴ ጸሐፊ ነኝ። ኤአይ የሚጽፍልኝን የአማርኛ ደብዳቤ ኃላፊዬ «ይሄ የማን አማርኛ ነው?» ብለው መለሱብኝ።

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። «ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ» ብሎ የሚጀምር የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማን ያውቃል? በ«እርስዎ» ጀምሮ በ«አንተ» መጨረስም አመሉ ነው። መፍትሔው ናሙና መስጠት ነው፦ ከፋይል ሦስት የቆዩ ደብዳቤዎች ያውጡ፣ ስምና ቁጥር ይሰርዙ፣ «ቁጥር፣ ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ግልባጭ፤ አጻጻፉ እንደነዚህ ይሁን» ብለው አዲሱን ጉዳይ በሁለት መስመር ይንገሩት።

ቀኑን ግን በራስዎ ካሌንደር ያረጋግጡ። የ2018 መስከረም 1 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነበር፤ የ2016ቱ ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ነው የዋለው፣ ጳጉሜን 6 ስለሆነች። እንዲህ ባለው ዓመት ኤአይ በአንድ ቀን መሳቱ የተለመደ ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» ያሉትን ስብሰባም በፈረንጅ 9 ሰዓት መሆኑን ካልነገሩት ሌሊት ላይ ሊያደርገው ይችላል።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ማሽን ጥገና ላይ ነኝ። ለእኔ ዓይነቱ ኤአይ ምን ይጠቅመዋል?

መልስ፦ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማኑዋል ለማንበብ በጣም ይጠቅማል። «ማሽኑ ስፌት ይዘላል» ብቻ ካሉት ግን መርፌ ቀይር፣ ክር አስተካክል እያለ የሚያውቁትን ይደግምልዎታል። ሞዴሉን ከስም ሳህኑ ላይ ይጻፉለት፤ ጨርቁን፣ የመርፌውን ቁጥር፣ ችግሩ በየትኛው ፍጥነት እንደሚመጣ፣ እስካሁን የሞከሩትንም ይጨምሩ። መርፌው አዲስና በትክክል የገባ መሆኑን ከነገሩት ወደ ሁክ ታይሚንግ (ሁኩ የመርፌውን ክር የሚይዝበት ቅጽበት) እና ወደ መርፌ ዘንግ ከፍታ ይሄዳል።

የስህተት ኮድ ላይ ይጠንቀቁ። አንዱ ኮድ በአንዱ ሞዴል የሞተር፣ በሌላው የፔዳል ችግር ሊሆን ይችላል፤ ኤአይ ደግሞ የሌላውን ሞዴል ትርጉም በሙሉ ልብ ይነግርዎታል። የማኑዋሉን የኮድ ገጽ ፎቶ አንስተው «ከዚህ ገጽ ውጭ አትመልስ» ይበሉት። ማሽኑን ሲከፍቱ ኤሌክትሪኩን ማጥፋት የእርስዎ ፋንታ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መዝገብ ነው፦ ቀን፣ የማሽን ቁጥር፣ ምልክት፣ የቆመበት ደቂቃ፣ የተቀየረ ዕቃ። የሦስት ወሩን በኤክሴል ይዘው «ብዙ ደቂቃ ያስቆመን የቱ ማሽን ነው? በምን ምክንያት?» ብለው የሚጠይቁበትን ሰንጠረዥ ያሠሩት። መለዋወጫ ሲጠይቁ ይህን ይዞ መግባትና ባዶ እጅ መግባት አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ብቻ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህታችን፣ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና (በኢንተርኔት የሚሰጥ የኮዲንግና የዲጂታል ሙያ ትምህርት) በነፃ ነው፤ ምስክር ወረቀትም አለው። ቪዲዮዎቹ ዳታ ስለሚበሉ ነፃ ዋይፋይ ያለበት ተመልከቻቸው። ከኤአይ ጋር በጽሑፍ መነጋገር ግን ዳታው ኢምንት ነው። በነፃው አገልግሎት የምትጠቀሚ ከሆነ ረጅሙን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አድርጊው፤ የግዕዝ ፊደል ብዙ ቁራጭ ሆኖ ስለሚቆጠር የተፈቀደልሽን የነፃ መጠን ቶሎ ሊጨርሰው ይችላል። ለቀጣሪ የምታሳዪው ደግሞ ሁለት ሦስት ሥራ ይሁን፦ ለምሳሌ የአንድ ሱቅ የወር ሽያጭ ሰንጠረዥ፣ ኤአይ ያበላሸውንና አንቺ ያረምሽውን ለይተሽ ጽፈሽ። ቀጣሪው የሚጠይቅሽ ስለዚያ እርማት ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ «በሦስት ሳምንት የኤአይ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ልመዝገብ?

መልስ፦ «የራሴን ፋይል አምጥቼ እሠራበታለሁ?» ብለው ይጠይቁ። አይሆንም ካሉ ብርዎን ይያዙ።

ጥያቄ፦ የደንበኞችን ስም፣ ስልክና መታወቂያ ቁጥር ኤአይ ላይ ባስገባ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የመሥሪያ ቤትዎም ምስጢር ነው። ስሙን «ደንበኛ 1»፣ «ደንበኛ 2» ብለው ይተኩ፤ ስልክና መታወቂያ ቁጥሩን ያውጡ፤ የትኛው ቁጥር ማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር እርስዎ ዘንድ ብቻ ይቅር። ቻትጂፒቲ ላይ የሚጽፉት ለማሠልጠኛ እንዳይውል የሚዘጋበት ቦታም በማስተካከያው ውስጥ ስላለ ይዝጉት።