ለመንቀሳቀስ የሚቸገር ሰው የባንክ ሒሳብ በማን ስም ይከፈት?

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ጣቶቹ አጥብቀው መያዝ ስለማይችሉ ፊርማው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ አእምሮው ግን ፍጹም ጤነኛ ነው። ደመወዙ የሚገባበት ሒሳብና ዴቢት ካርድ ሊያወጣ ሲል ቤተሰቡ «ሒሳቡ በአንቺ ስም ይከፈት፤ ካርዱንም አንቺው ያዢው» አለኝ። ያነጋገርነው የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ሞግዚት እንዲቀርብ ጠየቀ። ምን ዓይነት ሒሳብና ካርድ ቢመርጥ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀድሜ የባንኩን ሠራተኛ ጥያቄ ላንሳ፤ እሱ ካልታረመ ቀሪው ምርጫ ሁሉ በተሳሳተ መሠረት ላይ ይቆማልና። ሞግዚት የሚያስፈልገው አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅ ወይም የራሱን ጉዳይ መምራት እንደማይችል በፍርድ ለተወሰነበት ሰው እንጂ፣ እጅና እግሩ እንደ ልብ ስለማይታዘዙለት ብቻ ለማንም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ አባል ሀገራት አካል ጉዳተኞች ከሌሎች ጋር በእኩልነት ንብረት የማፍራትና የመውረስ እንዲሁም የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመቆጣጠር መብታቸውን እንዲያረጋግጡላቸው ያዛል። ስለዚህ ወንድምዎ ውሉን የሚዋዋሉት ራሳቸው ናቸው፤ ባንኩም ሊያነጋግር የሚገባው እርስዎን ሳይሆን እሳቸውን ነው።

የቤተሰብዎ ሐሳብ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ከቀረቡት አማራጮች ሁሉ አደገኛው እሱ ነው። በእርስዎ ስም በተከፈተ ሒሳብ ውስጥ የሚገባው ደመወዝ በባንኩ ዘንድ የእርስዎ ገንዘብ ነው። ነገ እርስዎ ዕዳ ቢኖርብዎና ሒሳቡ ቢታገድ፣ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር የንብረት ክፍፍል ቢመጣ ወይም በሕይወት ባይኖሩና ወራሾች ቢቀርቡ፣ ወንድምዎ የገዛ ደመወዛቸው የእሳቸው መሆኑን በማስረጃ ለማስረዳት ይገደዳሉ። የጋራ ሒሳብም ከዚህ ስጋት ሙሉ በሙሉ አያድንም፤ እያንዳንዱ ባለሒሳብ ብቻውን እንዲያወጣ ከተፈቀደ አንዱ ገንዘቡን በሙሉ ሊያወጣ ይችላል፣ የአንዱ ባለዕዳነትም ለሌላው ይተርፋል። እኔ የምመክረው ሒሳቡ በወንድምዎ ስም ብቻ እንዲከፈትና እርስዎ የሚያደርጉት እገዛ በግልጽ ውክልና እንዲወሰን ነው።

ውክልናው ልዩ ውክልና ይሁን። በየትኛው ሒሳብ፣ እስከ ምን ያህል ገንዘብ፣ ለየትኞቹ ተግባራት እንደተሰጠ ይዘርዝር፤ ብድር መውሰድን፣ ስጦታ መስጠትንና ሒሳብ መዝጋትን በስም ጠቅሶ ይከልክል። ወንድምዎ ውክልናውን በፈለጉ ጊዜ መሻር ይችላሉ፤ ሲሽሩም ለባንኩ ወዲያውኑ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው፣ ባንኩ ሳያውቅ የፈጸመው ክፍያ ሊጸናባቸው ይችላልና። ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ ስለሚያበቃ፣ ከዚያ በኋላ «ተወካይ ነበርኩ» ብሎ ገንዘብ ማውጣት ተጠያቂነትን ያስከትላል።

ወደ ካርዱ ስንመጣ ትልቁ የሕግ ጉዳይ የምስጢር ቁጥሩ ነው። የካርድ ውሎች ባለካርዱ ቁጥሩን ለማንም፣ ለቤተሰብም ጭምር፣ እንዳይሰጥ በአብዛኛው ይከለክላሉ። ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ ገንዘብ ቢጠፋ ባንኩ ኃላፊነቱ የባለካርዱ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ በእምነት የተደረገ መሆኑም ብዙውን ጊዜ መከላከያ አይሆንም። እርስዎ ገበያ ሄደው መክፈል ካለብዎ ትክክለኛው መንገድ ባንኩ በእርስዎ ስም ተጨማሪ ካርድ፣ ከራሱ የምስጢር ቁጥርና ዝቅተኛ የቀን ወጪ ገደብ ጋር፣ እንዲሰጥ መጠየቅ ነው። ባንኩ ይህ አገልግሎት ከሌለው ሁለተኛ ሒሳብ ይከፈትና ለዕለት ወጪ የሚበቃው ብቻ ወደ እሱ እየተላለፈ ካርዱ ከዚያ ጋር ይያያዝ፤ ደመወዙና ቁጠባው ካርድ በሌለው ሒሳብ ይቆይ።

ጣታቸው ለደከመ ሰው ወደ ማሽን ማስገባት ሳያስፈልግ በማስጠጋት ብቻ የሚከፍል ካርድ ይመረጣል፤ ነገር ግን ከተወሰነ መጠን በላይ የምስጢር ቁጥር ሊጠይቅ ስለሚችል ገደቡን አስቀድመው ይጠይቁ። ካርዱ ቢጠፋ ቅርንጫፍ ሳይሄዱ በስልክ ወይም በሞባይል ማገድ፣ አዲሱንም በቤት መቀበል ይቻል እንደሆነ ይረጋገጥ። በየወሩ የሚደጋገሙ ክፍያዎች በቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ቢፈጸሙ ወደ ባንክ የሚያስኬደው ምክንያት ራሱ ይቀንሳል። ወለዱ ከፍ ያለ ሆኖ ገንዘብ የሚወጣው በቅርንጫፍ ብቻ የሆነ ሒሳብ ለወንድምዎ አይጠቅምም።

ፊርማው ስለሚለዋወጥ፣ ሒሳቡ ሲከፈት የጣት አሻራ ወይም ሌላ ማረጋገጫ እንደ ናሙና እንዲያዝላቸው ይጠይቁ፤ ያለዚያ «ፊርማው አይመሳሰልም» በሚል ምክንያት የራሳቸውን ገንዘብ ሊከለከሉ ይችላሉ።

ባንኩ መግቢያው ደረጃ ብቻ ከሆነ፣ የገንዘብ ማውጫ ማሽኑም ከወንበር ላይ የማይደረስበት ከሆነ፣ «የግል ድርጅት ነን» የሚለው መልስ ብቻውን አያስኬድም። የስምምነቱ አንቀጽ 9፣ መንግሥታት ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ የግል ተቋማት ተደራሽነትን እንዲያረጋግጡ የማድረግ ግዴታ ጥሎባቸዋል። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2013 ከፍተኛ የማየት ችግር ያለባቸው ሁለት ሰዎች ስለ ገንዘብ ማውጫ ማሽኖች በሀንጋሪ ላይ ባቀረቡት አቤቱታ፣ ማሽኖቹ የግል ባንክ ንብረት ቢሆኑም ሀገሪቱ ይህን ግዴታዋን አልተወጣችም ሲል ወስኗል። ውሳኔው ባንኩን በቀጥታ የሚያስገድድ ባይሆንም ለአቤቱታዎ ጠንካራ ድጋፍ ነው።

አሁን ወንድምዎ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በስማቸው ማመልከቻ ያስገቡ። በእሱም ሒሳቡን ራሳቸው እንደሚከፍቱ ይግለጹ፤ የሚፈልጉትን ማመቻቸት፣ ማለትም የቤት ለቤት ወይም የቪዲዮ ማንነት ማረጋገጫ፣ የአሻራ ናሙናና ተጨማሪ ካርድ ይዘርዝሩ፤ ሞግዚት የሚጠየቅበት የሕግ ድንጋጌ ካለም እንዲጠቀስላቸው ይጠይቁ። ማመልከቻው የደረሰበት ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይያዙ፤ መልሱ እምቢታ ከሆነ ወይም መልስ ካልተሰጠ፣ ባንኮችን ለሚቆጣጠረው አካል የሚቀርበው አቤቱታ በዚያ ቅጂ ላይ ይመሠረታል።