1780 የሚል ብር ሁሉ የ1780 አይደለም

ሰሞኑን የአያት ሳጥን የከፈተ ሁሉ ለእኔ የሚጽፍ ይመስላል። ጥያቄዎቹ ስለ ድሮ ብርና ሳንቲም ናቸው። ለየት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጋሼ፣ አያቴ የተዉልኝ ትልቅ ብር ላይ ወፍራም ሴትዮ አለች፤ 1780 ይላል። ወደ 250 ዓመት ሊሞላው ነው ማለት ነው? (ከደሴ)

ነፍሳቸውን ይማር። ሴትዮዋ የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ ብሩ ደግሞ አያትሽ «ማርትሬዛ» ወይም «ጠገራ ብር» ይሉት የነበረው ነው። 1780 እሷ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ነው። ለምን? በቀይ ባሕር ዙሪያም ሆነ በእኛ ገበያ ሰዉ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ይል ነበራ! በጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረ የሚቀበል ነጋዴም ነበር። እናም ቪየና ብቻ ሳትሆን ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ጭምር አትመውታል። ሙሶሊኒ እኛን ለመውረር ሲሰናዳ በ1935 የማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወሰደ። እንግሊዝም ዝም አላለች፤ ለንደን ላይ የራሷን ማተም ጀመረች።

አሁን ሚዛን ላይ አውጪው። 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት፤ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ያህል ነው። ጠርዙን ዳብሺው፣ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ይወጣል። ልሙጥ ከሆነ ጠርጥሪ። አብዛኛው ማርትሬዛ የብሩን ዋጋ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ያወጣል። ሰብሳቢ የሚሻማው በቀደመው ላይ ነው፤ እሱን ከኋለኛው ለመለየት ደግሞ የለመደ ዓይን ያስፈልጋል።

የእናቴ ማርትሬዛ ላይ አንጥረኛ ማንጠልጠያ በይዶበታል። ዋጋው ወረደ?

ለሰብሳቢ አዎ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን የእናትህ አንገት ላይ የኖረውን አትንካው።

ጠቁሮብኛል፣ በምን ላጽዳው?

በምንም! እኔ በልጅነቴ አንዱን በሎሚና በአመድ ፈትጌ መስተዋት አስመሰልኩት። ያየው ሰብሳቢ አንገቱን ነቅንቆ መለሰልኝ። ጥቁረቱ የዕድሜው ምስክር ነው። አቧራ ካለው ለብ ባለ ውኃ ነክረህ በለስላሳ ጨርቅ ሳትፈትግ አድርቀው።

መሐሉ የተበሳ «ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል 10 ሳንቲም አለኝ። ተበላሽቷል?

ሲሠራም የተበሳ ነው። ከ1941 በኋላ እንግሊዞች ይዘውት የመጡት የሽልንግ ዘመን ገንዘብ ነው፤ እኛም ዘንድ ተሠርቶበታል። ግን ዓመቱን እይልኝ። 1936 ካለና የንጉሡ ስም ኤድዋርድ ስምንተኛ ከሆነ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዙፋኑን የለቀቀው ንጉሥ ነው። በእሱ ስም የወጣ የሳንቲም ዓይነት በዓለም ላይ ጥቂት ነው። የተበሳው ሳንቲም መልክ ስለሌለበት፣ ስሙ ብቻ ተቀርጾ ቶሎ ወጣ። ደስ የሚለው፣ ውድ አይደለም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ዘውድ የደፋ ሪዛም ንጉሥ ያለበት የኤርትራ ብርስ?

የጣልያኑ ንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ ነው። ጣልያን በቅኝ ግዛቷ በኤርትራ ማርትሬዛን ከገበያ ላስወጣ ብላ በ1891 እና በ1896 ያወጣችው፣ ታለሮ የሚባል ብር ነው። ብሩ ከማርትሬዛ ያነሰ ጥራት ነበረው፤ ገበያውም ፊት ነሳው። በ1918 ደግሞ ማርትሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጻ ሞከረች፤ እሱም አልሆነም። ያኔ ያልተፈለገው ዛሬ ይፈለጋል። ስለዚህም አስመስሎ የሚሠራው ብዙ ነው። ሳትመዝን እንዳትገዛ።

የምኒልክ ብር ከቅኝ ግዛት ሳንቲም ጋር ይቆጠራል?

በፍጹም! ፓሪስ ቢታተምም አሳታሚው ምኒልክ፣ ምስሉም የእሳቸውና የአንበሳው ነው። በላዩ ያለው ፲፰፻፹፯ የእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጁ 1894/95 መሆኑ ነው። ሻጩ «የ1887 ነው» ካለህ የየትኛው 1887 እንደሆነ ጠይቀው።